ስለ ድቡ እፈርማለሁ

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ካምፒንግ ወጣ ሲባል አገር ቤት ያለው ዘመድ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አጥታችሁ?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። የሠላሳ ዓመት የቤት ዕዳ ገብቶ፣ ፍራሹን አማርጦ፣ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን አስገጥሞ የተቀመጠ ሰው፣ ሰመር በመጣ ቁጥር መኪናውን ጭኖ መሬት ላይ ሊተኛ ይሄዳል። ለዚያውም ከፍሎ። አያቶቻችን ደጅ የሚያድሩት መንገድ ላይ ሲመሽባቸው ወይም ከብት ሲጠብቁ ነበር፤ ይታዘንላቸው እንደሆን እንጂ የሚያስከፍላቸው አልነበረም።

የድንኳኑ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። እኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነው። ለአክስቴ በስልክ «ቅዳሜና እሁድ ድንኳን ውስጥ ነን» ስላት «እሰይ! ማን አገባ?» አለች እልል ለማለት እየዳዳት። ማንም እንዳላገባ ስነግራት ድምጿ ወረደ። «በሉ ንገሩኝ፤ እኔ ምንም አልሆንም፤ ማን ነው?» እስክትረጋጋ ድረስ የስልኩ ካርድ አለቀ።

ይኼ ሁሉ ይለመዳል። የማይለመደው ወረቀቱ ነው።

ዌይቨር ይሉታል። በግል ካምፖች በር ላይ ይጠብቃችኋል። ሐሳቡ ባጭሩ፣ እዚህ ስትቆዩ ብትወድቁ፣ ብትሰምጡ፣ ብትቃጠሉ፣ ብትነደፉ፣ ዛፍ ቢወድቅባችሁ፣ ድብ ቢቧጭራችሁ እናንተም ሆናችሁ ወራሾቻችሁ አትከሱንም የሚል ነው። ወራሾቻችሁ! ጓዙ ገና ከመኪና ሳይወርድ፣ ልጆቹ «ሽንት ቤቱ የት ነው?» እያሉ፣ ስለ ወራሽ ይነሳል። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ሲቆም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ መደቡን ለሚለቅ ሕዝብ፣ ገና ከበር ስለ አሟሟት የሚያዋውል አስተናጋጅ ይከብዳል።

ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ የለጠፈ ምግብ ቤት ሞልቷል። ለቀዶ ሕክምናም ቤተሰብ ይፈርማል። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ለማደር ግን ደባርቅ ላይ ትመዘገባላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ከኋላችሁ ይከተላል። ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ስታድሩ በዚያ ብርድ እሱ አብሯችሁ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ በስካውቱ ፋንታ የሚሰጣችሁ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ የሚጠብቀው እናንተን አይደለም።

ባለፈው ሰመር የማኅበራችን ቤተሰቦች ከአሌክሳንድሪያና ከሲልቨር ስፕሪንግ ተጠራርተን ብሉ ሪጅ ተራሮች ግርጌ ያለ አንድ ካምፕ ሄድን። የካምፑን ስም ተዉት። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ፈገግታዋን ሳትቀንስ አይፓዱን ወደ ሰዉ ታዞራለች። ሰዉ ጽሑፉን በጣቱ ወደ ላይ ይገፋል፤ ይገፋል፤ ጽሑፉ አያልቅም። ሲሰለቸው ግርጌ ያለችውን ሳጥን ነካ አድርጎ መስታወቱ ላይ ይሞነጫጭርና ዶሮ ጭራ ያለፈችበት የሚመስል ነገር ይወጣል። ያ ፊርማ ነው። ከመካከላችን መሐንዲስ አለ፣ ነርስ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥም አለ፤ ይህ ሰው የአምስት ዶላር ሻማ ያለ ደረሰኝና ያለ ሁለት ፊርማ አያወጣም። አንዳቸውም አንድ መስመር አላነበቡም።

እማማ ጋ ሲደርስ ሰልፉ ቆመ።

እማማ የማኅበራችን ሰብሳቢ እናት ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ልጆች ከወለዱ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ በፊት በርስት ክርክር ወረዳ ሲመላለሱ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነበር። በአውራ ጣት የሚፈርም ሰው ደግሞ ወረቀቱ ምስክር ባለበት ጮክ ተብሎ ካልተነበበለት ጣቱን ቀለም አያስነካም። አይፓዱ ሲቀርብላቸው አተኩረው አዩት።

«በጣት ነው የሚፈረመው?»

«አዎ እማማ፤ እዚህች ጋ ብቻ ነካ…»

«እንግዲያው ይነበብልኛ።»

ልጃቸው «ዝም ብሎ ፎርማሊቲ ነው» አላቸው። ፎርማሊቲ የሚባል ዘመድ እንደሌላቸው ነገሩት። የልጅ ልጃቸው፣ እዚሁ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ፣ በደህና አማርኛዋ ማንበብ ጀመረች። ከኋላ ያሉ ፈረንጆች ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ዛፍ ወይም ቅርንጫፍ ወድቆ ቢጎዳኝ አልከስም ይላል።»

«ዛፉ የማን ነው?»

«የእነሱ።»

«የደረቀ ካለ ይቆርጡታል?»

ልጅቷ ጠየቀች፤ እንግዳ ተቀባይዋም «እንዴታ! በየጊዜው እየዞርን እናያለን» አለች።

«የሚያዩትማ ከሆነ ምን አስፈራቸው? ቀጥይ።»

«የዱር አራዊት፣ ድብም ጭምር፣ ጉዳት ቢያደርሱብኝ…»

«ድቡም የእነሱ ነው?»

«ኧረ አይደለም፤ ድቡ የዱር ነው።»

«ጥሩ። ስለ ድቡ እፈርማለሁ። ስለ ዛፉ አልፈርምም።»

ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ የነካውን ሰው ገላ የሚያሳክክ የሚያቆስል ተክል በየቦታው ስላለ እንጠንቀቅ የሚለው ላይ «ይኼ እንኳን ምክር ነው፤ ይስጣቸው» አሉ። መዥገርም ምክር ተባለ። ጉድ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

«በካምፑ ባለቤት ወይም በሠራተኞቹ ቸልተኝነት ለሚደርስብኝ ጉዳትም ጭምር ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«እነሱ ማድረግ ያለባቸውን ሳያደርጉ ቀርተው እኔ ብጎዳ።»

እማማ መነጽራቸውን አውልቀው እንግዳ ተቀባይዋን ልጅ ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ በክፋት አይደለም፤ በዚህች ዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር እንድታስፈርም ማን እንዳዘዛት እያሰቡ ነው። «ሊዘናጋ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ያስፈርማል?»

አይፓድ ላይ አንዱን መስመር ሰርዞ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም። ወይ ሁሉን መፈረም ወይ ወደ ቤት መመለስ ነው። ሰብሳቢያችን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ እማማ ወደ ሰልፉ ዞረው «በሕግ አምላክ! ስለ ድቡ ብቻ ነው የፈረምኩት፤ ስሙልኝ» አሉና አውራ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ጫን አደረጉ። አንዲት ነጥብ ወጣች። አይፓዱ «አመሰግናለሁ» አለ።

ሰዉ ሳቀ። ሆኖም የአሜሪካ ዳኞችና ጠበቆች ከመቶ ዓመት በላይ የሚከራከሩበትን ነገር እማማ ሁለት ጥያቄ ጠይቀው ለይተውታል። ከቦታው ተፈጥሮ የሚመጣ አደጋ አለ፤ ያ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ጫካ ለመግባት የፈለገ ይዞት ይገባል። ሰው ማድረግ የሚገባውን ባለማድረጉ የሚመጣ አደጋ ደግሞ አለ። ዊስኮንሲን ውስጥ ሕግ አውጪዎች ተቀምጠው የግል ካምፕ ባለቤት የማይጠየቅባቸውን የተፈጥሮ አደጋዎች በሕግ ዘርዝረዋል፤ ጉቶ፣ የዛፍ ሥር፣ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ አሸዋ፣ ነፍሳት፣ የመብራት አለመኖር። የተከበረው ምክር ቤት ተሰብስቦ ሌሊት እንደሚጨልም በድምፅ ብልጫ አጸደቀ ማለት ነው።

ካምፑ ውስጥ የመጀመሪያው ክርክር በእንጨት ተነሳ። አንዱ አባላችን ከጓሮው የፈለጠውን እንጨት በቫን ጭኖ መጥቶ ነበር፤ የውጭ እንጨት ክልክል ነው ተባለ። «ጫካ ውስጥ እንጨት በገንዘብ ልግዛ?» ብሎ ተቆጣ። ምክንያት ግን አላቸው። ከእስያ የመጣች አረንጓዴ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ከተገኘች ወዲህ አሽ የሚባለውን ዛፍ በሚሊዮን እየቆጠረች ጨርሳለች፤ ከግዛት ግዛት የምትጓዘው ደግሞ እንዲህ በሰው መኪና፣ በማገዶ ውስጥ ተደብቃ ነው። ገዛን።

ቡና ሲታሰብ ረከቦቱ ወጣ፣ ጀበናው ወጣ፣ ቄጤማ ግን የለም። እንጨቱን የተቀማው ሰውዬ ቁጭቱን ሊወጣ ጫካ ገብቶ ለምለም ሐረግ በክንዱ ሙሉ ታቅፎ መጣና ጎዝጎዝ ሊያደርግ ጎንበስ አለ። እማማ ከወንበራቸው ሆነው ሐረጉን አዩ። ቅጠሉን በዓይናቸው ቆጠሩ። «አንተ ሰው፣ ሦስት ነው! ጣለው!»

ፖይዝን አይቪ ነበር። ሽፍታው የወጣበት በማግስቱ ነው፤ ከመዳፍ እስከ ክርን፣ ከዚያም በማያውቀው መንገድ አንገቱ ላይ። ያ ሐረግ ተጎዝጉዞ ቢሆን ሕፃናቱ ሁሉ ይንከባለሉበት ነበር፤ እሳት ውስጥ ቢገባ ደግሞ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ከሚያነበው ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወረቀቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቁት እንግሊዝኛ የማያነቡት እማማ ብቻ ነበሩ።

ወረቀቱ ውስጥ ያልነበረ አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ዝናብ ሲመጣ ሴቶቹ የቡናውን ከሰል ከነምድጃው ወደ ድንኳኑ ሊያስገቡ ሲሉ ነርሷ ጮኸች። ረመጥ የሆነ ከሰልም ቢሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል፤ ሽታ የለው፣ መልክ የለው፤ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ስለ ድብ አንድ አንቀጽ የጻፈው ጠበቃ ስለ ከሰል አንድ ቃል አልጻፈም። ቡና አፍሉ እያለ የሚያስጨንቀው ዘመድ ስለሌለው ይሆናል።

እሁድ ጠዋት ገንዘብ ያዣችን ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ወደ ገላ መታጠቢያው ሄደ። ደጃፉ ላይ ሦስት የእንጨት ደረጃ አለች። ሁለተኛዋ መካከሏ ጠቁሯል፤ በስብሳለች። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ዳር ዳሯን ረግጦ አልፏል፤ እሱ መካከሏን ረገጠ። እንጨቱ ተሰብሮ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ስናወጣው ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ነበር። ኢመርጀንሲ ወስደነው አጥንቱ እንደተሰነጠቀ ነገሩን፤ ጫማ የመሰለ ፕላስቲክ አሰሩለት፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቢሉ መጣ፤ ኢንሹራንሱ ከከፈለው የተረፈው ራሱ በቂ ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ የሚለው ምን መሰላችሁ? «ምን ላድርግ፤ ፈርሜያለሁ እኮ።»

ጠበቃ የሆነ ወዳጃችን ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። ብርቱካኑን አስቀምጦ ሳይቀመጥ «የት ነው የወደቅከው?» አለ። ቨርጂኒያ። «እንግዲያው የፈረምከው ወረቀት ስለ እግርህ ዋጋ የለውም።»

ገንዘብ ያዣችን ከአጥንቱ መሰንጠቅ ይልቅ በዚህ ደነገጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1890 በአንድ የባቡር ኩባንያ ጉዳይ፣ ጉዳት ሳይደርስ በፊት «በቸልተኝነቴ ብትጎዳ አትከሰኝም» ተብሎ የሚፈረም ውል ለአካል ጉዳት አይሠራም ብሎ ፈረደ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ያንኑ ደገመው። ይኸኛው የሆነው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ሐበሻ ከሚበዛበት ከቤይሊስ ክሮስሮድስ እልፍ ብሎ ያለው የባርክሮፍት ሐይቅ ነው። ትራያትሎን የሚወዳደር ሰው ሐይቁ ውስጥ ጠልቆ ጭንቅላቱን መታና ሽባ ሆነ። የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ መብቱን ሁሉ መተዉን ፈርሟል። ፍርድ ቤቱ ፊርማው ክሱን አይከለክለውም አለ።

«እና ከወንዙ ማዶ ብወድቅ ኖሮ?» አለ ገንዘብ ያዣችን። ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ፖቶማክን ስትሻገሩ ነገሩ ይገለበጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ፊርማ ፊርማ ነው፤ የባለቤቱ ጥፋት ከመጠን ያለፈ ካልሆነ በስተቀር ይጸናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የግዛቱ የበላይ ፍርድ ቤት ከዚህም አልፎ ሄዷል። ባልቲሞር አካባቢ ባለ አንድ የጅምላ መደብር፣ ወላጆች ሲገበያዩ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ነበር፤ ትንሽ ልጅ ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎዳ። ቅጹን የፈረመው አባት ነው። ፍርድ ቤቱ የአባት ፊርማ ልጁን ያስራል አለ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ደግሞ ወላጅ የልጁን የመክሰስ መብት እንዲህ በፊርማ ሊሰጥ አይችልም። ኒው ዮርክ ከፍለው የሚገቡበት መዝናኛ የሚያስፈርመውን እንዲህ ያለ ወረቀት በሕግ ዋጋ አሳጥታዋለች። ያው አንድ አገር፣ ያው አንድ ቋንቋ፣ ያው አንድ አይፓድ።

ጠበቃው ግን ደስታችንን አላስጨረሰንም። «ቨርጂኒያ ውስጥ ወረቀቱ ቢወድቅም ሌላ ወጥመድ አለ» አለ። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም በአሜሪካ ከቀሩት ጥቂት ግዛቶች መካከል ናቸው፤ ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ ትንሽ አስተዋጽኦ ካደረገ፣ አንድ በመቶም ቢሆን፣ ካሳ የሚባል ነገር የለም። «ደረጃው ላይ ስትወጣ ወዴት ታይ ነበር?»

ገንዘብ ያዣችን ወደ ጣራው አየ።

«ስልክ ይዘህ ነበር?»

«የማኅበሩን ሒሳብ እያየሁ ነበር» አለ በቀስታ።

በኋላ ስናሰላስለው የገረመን ወረቀቱ ቨርጂኒያ ውስጥ በዚህ በኩል ሙት ከሆነ ካምፖቹ ለምን እንደሚያስፈርሙ ነው። ጠበቃው እየሳቀ ነገረን። አንደኛ፣ የካምፑ ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ አደጋው እንደተነገራችሁ ማስረጃ ይሆናል፤ ድቡ ቢመጣ «ነግረናቸው ነበር» ይባላል። ዋናው ግን ሌላ ነው። ወረቀቱ ውስጥ በትንንሽ ፊደል «ሕግ እስከፈቀደ ድረስ» የምትል ሐረግ አለች። ሕግ ካልፈቀደ ወረቀቱ ምንም አላለም ማለት ነው፤ ፈራሚው ግን ይህን አያውቅም። ወረቀቱ ሥራውን የሚሠራው ፍርድ ቤት ሳይደርስ ነው፤ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ «ፈርሜያለሁ እኮ» በሚል ሰው ልብ ውስጥ። እንግዲህ ፊርማና ማኅተም ሲያይ ቆሞ ባርኔጣውን የሚያወልቅ፣ በፊርማ ቤት ያጣና በፊርማ ቤት ያገኘ ሕዝብ ልጆች ነን፤ ከእኛ የተሻለ ደንበኛ ከየት ያገኛሉ?

እማማ ይህ ሁሉ ሲነገራቸው ብዙም አልተደነቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረጃዋ ተጠገነች ወይ? ማንም አላወቀም። ልጃቸው ለካምፑ ስልክ እንዲደውል አዘዙት፤ ስለ ካሳ ሳይሆን ስለ ደረጃዋ። ደወለ። በዚያው ሳምንት መጠገኗን የሚያሳይ ፎቶ ላኩ፤ ለገንዘብ ያዣችንም ለሚቀጥለው ዓመት የአንድ ሌሊት ነፃ ማደሪያ ሰጡት። ለመቀበል ግን የሚፈረም ነገር ነበረው። ይህንን ጠበቃው አነበበለትና እንዳይፈርም ነገረው፤ ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚፈረም ስምምነት የሌላው ዓይነት አይደለም፤ ቨርጂኒያም ውስጥ ይጸናል። ለአንድ ሌሊት ድንኳን እግሩን ሊሸጥ ነበር።

ዘንድሮ ሰመር ሲቃረብ ለአዲሱ ጉዞ ስብሰባ ተጠራ። ገንዘብ ያዣችን እያነከሰ መጣና ቦርሳውን ከፍቶ በየወንበሩ ወረቀት አደለ። ራሱ ያዘጋጀው ነው፤ ሁለት ገጽ፣ በአማርኛ፣ ግርጌው ላይ የማኅበሩ ማኅተም አለበት። በእሱ ቫን የሚሳፈር አባል በጎማ፣ በፍሬን፣ በሾፌሩ እንቅልፍም ሆነ ስልክ ምክንያት ለሚደርስበት ጉዳት እሱንም ሆነ ወራሾቹን እንዳይከስ ይላል።

ጠበቃው አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። «ወንድሜ፣ ባለፈው ነግሬህ የለም እንዴ? ይኼ ቨርጂኒያ ውስጥ አይሠራም።»

«አውቃለሁ» አለ ገንዘብ ያዣችን፤ ካርታ እየዘረጋ። «ለዚህ እኮ ነው ዘንድሮ ካምፑን ሜሪላንድ ያደረግሁት።»